ሦስት ጊዜ ፎርማት ተደርጎ የሚመለስ ቫይረስ፣ እና ጫፍ ላይ የተጣለችው ዓረፍተ ነገር

ደብረ ብርሃን ላለሁት የኮምፒውተር ጠጋኝ የደረሰኝ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ከጣርማ በር ቁልቁል፣ በቆላው በኩል ባለ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የአይሲቲ አሰልጣኝ ነኝ። ላብራቶሪያችን ውስጥ 24 ኮምፒውተር አለ። ፍላሽ ሲሰካ ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት (አቋራጭ ምልክት) ይሆናሉ። ዘንድሮ ብቻ ሦስት ጊዜ ፎርማት አድርገን ዊንዶውስ ጫንን፤ በሳምንቱ ተመለሰ። የደረጃ 4 ሰልጣኞቼ ፕሮጀክት ጠፍቷል፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናው) ደግሞ ደርሷል። ሌላው፣ የሰልጣኞችን ስምና ስልክ ቁጥር በቴሌግራም ግሩፕ ለቀን ነበር፤ አንዲት ልጅ የማታውቀው ሰው እየደወለ አስቸግሯታል። ማሽኖቹን ደብረ ብርሃን ድረስ ላምጣልዎት? እና ደግሞ አንዳንዶቹ ኬሳቸውን ስንነካ ይነዝሩናል።»

እህቴ፣ ጋሼ ካልሽኝ አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ። ከደብዳቤሽ መጨረሻ ነው የምጀምረው። «እና ደግሞ» ብለሽ ጫፍ ላይ ጣል ያደረግሻት ነገር ከሁሉም ትብሳለች። ቫይረስ ፋይል ይደብቃል፤ ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል።

ኬሱ (የቆርቆሮ ሽፋኑ) የሚነዝረው ለምን መሰለሽ? ዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ከመብራቱ መስመር ወደ ቆርቆሮው የተያያዙ ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ሥራቸው ማሽኑ የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ረብሻ ወደ መሬት ማውረድ ነው። ኧርዙ (ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) በደንብ የታሰረ እንደሆነ ያቺ ጥቂት ከረንት ወደ መሬት ትወርዳለች፣ መኖሯንም የሚያውቅ የለም። ኧርዝ ከሌለ ግን መውረጃ ታጣና ቆርቆሮው ላይ ትቀመጣለች። በሜትር ብትለኪው ከ220ው ግማሽ ያህል፣ ወደ 110 ቮልት ታነቢያለሽ። የአንድ ማሽን ከረንት በጣም ትንሽ ስለሆነች ቆንጠጥ አድርጋ ትተዋለች። ስድስት ሰባት ማሽን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሲደረደር ግን ነገሩ ይለወጣል። ማከፋፈያው የሁሉንም ኬስ እርስ በርስ ያገናኛል፣ ከግድግዳው በኋላ ግን ኧርዙ የለም። ያኔ አንዱን የነካ ልጅ የሰባቱን ድምር ይቀበላል። እናንተ ዘንድ ደግሞ ቆላ ነው፤ ልጆቹ ነጠላ ጫማ አድርገው፣ እጃቸው በላብ ርሶ ነው የሚገቡት።

ስለዚህ የሚነዝሩትን ማሽኖች ዛሬውኑ ከሶኬት ንቀሉና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። መጀመሪያ አንድ ሶኬት ፈትቶ ያሳይሽ። እኔ በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ ያማረ፣ የኧርዝ ምላስ ያለው ሶኬት ፈትቼ ከኋላው የኧርዙ ብሎን ባዶውን ቆሞ አግኝቻለሁ! ሽቦው ካለ ወዴት እንደሚሄድ ይከተለው፤ አንዳንዱ ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል። አዲስ ኧርዝ የሚቀበር ከሆነ የመዳብ ዘንጉ ርጥበት የማይለየው ቦታ ይግባ፣ ሲለካም ከ10 ኦም በታች ይሁን። የእናንተ አፈር በበጋ ስለሚደርቅ ጉድጓዱ ውስጥ ከሰልና ጨው ጨምራችሁ፣ አልፎ አልፎ ውኃ አጠጡት። «ከውኃ ቧንቧው ጋር ልሰረው» ወይም «ከኒውትራሉ ጋር ላገናኘው» የሚል ባለሙያ ከመጣ ሻይ ጋብዘሽ ሸኚው። ኒውትራሉ፣ የመብራቱ መመለሻ ሽቦ፣ አንድ ቀን የተበጠሰ ዕለት የሁሉም ኮምፒውተር ኬስ 220 ቮልት ይሆናል። ኧርዙ ከታሰረ በኋላም የሚነዝር ማሽን ካለ ፓወር ሰፕላዩ ተበላሽቷልና ይቀየር። ከመነዘር አልፎ የሚመታ ካለ ግን ማሽኑን ለመንቀል እጅሽን እንዳትሰጂ፤ ከብሬከሩ አጥፊው።

አሁን ወደ ሾርትከቱ።

የልጆቹ ፕሮጀክት አልጠፋም ብዬ እገምታለሁ። ይህ ዓይነቱ ቫይረስ ፋይል አያጠፋም፤ ይደብቅና በፋይሉ ስም ሾርትከት ያስቀምጣል። ልጁ ፎልደሩን የከፈተ መስሎት ሾርትከቱን ሲጫን ቫይረሱን በገዛ እጁ ያስነሳዋል፤ ከዚያም ቫይረሱ ፎልደሩን ራሱ ስለሚከፍትለት ልጁ ምንም አይጠረጥርም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሾርትከቶቹ ተደምረው ጥቂት ኪሎባይት ናቸው። ፍላሹ ግን 5 ጊጋባይት ተይዟል የሚል ከሆነ ፋይሎቹ እዚያው ተቀምጠዋል ማለት ነው። ስለዚህ ፍላሾቹን ፎርማት እንዳታደርጊያቸው፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን። ፋይል መመለሻ ነው የሚባል ሶፍትዌርም ከየቦታው አውርደሽ አትጫኚ።

ለምን ተመለሰ የሚለውን ሳስበው፣ ሦስቴም ፎርማት ያደረጋችሁት ሲን (ዊንዶውሱ ያለበትን የዲስክ ክፍል) ብቻ ይመስለኛል። ዲ (ሌላው የዲስክ ክፍል) ላይ የልጆች ሥራ ስላለ አይነካም፣ ሁሉም ላብራቶሪ እንዲያ ነው የሚያደርገው። ቫይረሱ ደግሞ ዲ ላይ ሾርትከቱን አስቀምጦ ይጠብቃል። አዲስ በተጫነ ዊንዶውስ ዲን የከፈተው የመጀመሪያው ልጅ መልሶ ያስገባዋል። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ ኮምፒውተሮቹ ፎርማት ሲደረጉ ፍላሾቹ በየልጁ ኪስ ነበሩ። ሦስተኛውን ስናገር ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ዋናዋ ተጠርጣሪ የአንቺ ፍላሽ ናት። የልጅ ፍላሽ በቀን አንድ ማሽን ላይ ይሰካል። የአሰልጣኝ ፍላሽ ግን ሞጁል ለማስኮረጅ ሃያ አራቱም ላይ ይሰካል፤ ከዚያ ወደ ሬጅስትራር፣ ከዚያ ፈተና ለማባዛት ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ይሄዳል፣ ነገ ጠዋት ተመልሶ ይመጣል።

አልፈርድብሽም። እኔ ራሴ ድራይቨር የያዘች አንዲት ፍላሽ በቁልፌ አንጠልጥዬ ደብረ ብርሃንን ስዞር ሁለት ወር ሙሉ ቫይረስ ሳድል ከርሜያለሁ። የደንበኛ ማሽን አጸዳለሁ፣ ድራይቨር ልጭን ፍላሼን እሰካለሁ፣ በሳምንቱ «ጋሼ፣ ያ ነገር ተመለሰ» ይሉኛል። ገንዘብም ተቀብዬበታለሁ። የነቃሁት አንዲት ደንበኛ «እርስዎ መጥተው ከሄዱ በኋላ ነው የሚብሰው» ስትለኝ ነው።

ለዚህ ያገኘሁት መድኃኒት አንቲቫይረስ አይደለም፣ በር ነው። ከ24ቱ መካከል የመጨረሻዋን አሮጌ ማሽን ምረጪና ሊኑክስ ሚንት ጫኚባት፤ ነጻ ነው፣ ራሟ 4 ጊጋ ከሆነ አትቸገርም። ቦታዋ መግቢያው በር አጠገብ ይሁን፣ ከኔትወርክም አትያያዝ። የዊንዶውስ ቫይረስ እዚያ ላይ አይነሣም። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ዊንዶውስ ላይ የተደበቀው ፋይል ሊኑክስ ላይ ያለ ምንም ትእዛዝ ወለል ብሎ መታየቱ ነው። የልጆቹን ፕሮጀክት በዚያ ታወጫለሽ፦ ፍላሹን ሰክተሽ የሚታዩትን ዶክመንቶች ብቻ ወደ ማሽኗ ትገለብጫለሽ፣ ፍላሹን ፎርማት ታደርጊዋለሽ፣ ዶክመንቶቹን ትመልሻለሽ። አንዳንድ ጊዜ ፋይሎቹ ሁሉ ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ተጠቅልለው ታገኛቸዋለሽ፤ ባዶ ነው ብለሽ እንዳታልፊው። መጨረሻቸው ኤልኤንኬ፣ ቪቢኤስ ወይም ኤክስኢ የሆኑትን አትገልብጪ። ልጁ «ይሄ የኔ ሶፍትዌር ነው» ቢልሽም እሺ አትበይው፤ ሶፍትዌር የምታቀርቢው አንቺ ነሽ።

ቤት ሆኖ ዊንዶውስ ላይ ማየት የፈለገ ሰልጣኝ ካለ፣ ፎልደር ከፍቶ ቪው፣ ቀጥሎ ኦፕሽንስ ይግባና የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ይምረጥ፣ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውንም ምልክት ያንሣ። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለው ብቻውን አይበቃም፣ ቫይረሱ ሁለቱንም መጋረጃ ነው የሚጋርደው። ከዚያ ሾርትከቱን ሳይነካ ደብዛዛ ሆኖ የሚታየውን እውነተኛ ፎልደር ይክፈት።

አራተኛው ጽዳት በአንድ ቀን ይሁን። ቅዳሜ ምረጪ። ከቀኑ በፊት የዲን ዶክመንቶች፣ ዶክመንት ብቻ፣ በበሯ ማሽን በኩል አሳልፊ። በቀኑ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉና ሲንም ዲንም አጥፍታችሁ ጫኑ፤ ለሰልጣኞች ደግሞ አስተዳዳሪ ያልሆነ ተራ አካውንት ክፈቱ። ይህ በመጨረሻ ያልኩት ችላ የሚባል ነገር ነው። ሰልጣኙ በአስተዳዳሪ አካውንት ከሠራ ቫይረሱም አስተዳዳሪ ሆነ ማለት ነው። ፓስዎርዱም ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ አንድ ቦታ ኤ4 ላይ በትልቁ ታትሞ አይቻለሁ።

ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደር፣ ለእናንተ ይበቃል። ኢንተርኔት ደካማ ከሆነ ማሻሻያውን በአንድ ማሽን አውርዶ በፍላሽ ለሁሉም መጫን ይቻላል። ግን ኦፊስን በክራክ (ያለ ፈቃድ በሚከፍት ፕሮግራም) የምታነቁ ከሆነ፣ ክራኩ «ዲፌንደርን አጥፋ» ሲላችሁ እሺ ብላችኋል። ዘበኛውን አሰናብቶ ሌባ መጠበቅ ነው። ለሥልጠናው የሚበቃ ከሆነ ሊብረኦፊስ ነጻ ነው፤ ምዘናው የግድ ማይክሮሶፍት ኦፊስ የሚጠይቅ ከሆነ ኮሌጁ ፈቃድ ይግዛ። ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ወደ ነበረበት የሚመልሰው ዲፕ ፍሪዝም ጥሩ ነገር ነው፣ ካጸዳችሁ በኋላ ከሆነ። ቫይረስ ያለበትን ማሽን ካቀዘቀዛችሁት ቫይረሱንም አብራችሁ ጠበቃችሁት። ሲ ብቻ ይቀዝቅዝ፣ ዲ ለሥራ ይተው፤ ያለዚያ መብራት በሄደ ቁጥር የልጆች ሥራ አብሮ ይሄዳል።

የዊንዶውሳችሁን ዓይነት አልጻፍሽልኝም። 7 ከሆነ ድጋፉ ከቆመ ቆይቷል፣ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የ10ሩም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቆሟል። 11 የሚቀበለው ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕ ያለውን ማሽን ነው፤ የኢንቴል ከሆነ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ። ያረጁትን ኢንተርኔት ላይ አታውጧቸው፣ ለታይፒንግና ለሃርድዌር ልምምድ ያገለግላሉ።

የቴሌግራሙ ጉዳይ። የግሩፑ አድሚን ፋይሉን ለሁሉም ያጥፋ፤ ያወረደው ሰው ግን አውርዷል፣ ስለዚህ ልጅቷ ጋ ሂጂ። ቁጥሩን ብሎክ ታድርገው፣ ቴሌግራሟ ላይ ስልክ ቁጥሯን ማየት የሚችል ሰው እንዳይኖር ታድርግ፤ የደወለበትን ሰዓትና የላከውን መልእክት ሳታጠፋ ትያዝ። እየደጋገመ የሚያስፈራራ መልእክት የሚልክ ከሆነ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፤ ፖሊስ ዘንድ ብቻዋን አትሂድ፣ አብረሻት ሂጂ። ከዚህ በኋላ ግሩፑ ላይ የሚለጠፍ ዝርዝር መታወቂያ ቁጥር ብቻ ይኑረው፤ ስልኩ ሬጅስትራር ዘንድ ብቻ ይቀመጥ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰው መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ነው የሚለው፤ ልጅቷ ቁጥሯን የሰጠችው ለምዝገባ ነው።

እግረ መንገድሽን፣ ፕሮጀክታቸውን ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይ የሚያስቀምጡ ልጆች ብልሆች ናቸው፤ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል። በራሳቸው ስልክ ግን። ላብራቶሪ ማሽን ላይ ቴሌግራም ከፍቶ ሳይወጣ የሚሄድ ልጅ ቀጥሎ ለሚቀመጠው ሰው ሕይወቱን ትቶለት ነው የሚሄደው። ረስተው የሄዱ ሴቲንግስ ገብተው ዲቫይስስ በሚለው ስር ከስልካቸው ሊያስወጡት ይችላሉ።

ማሽኖቹን አታምጪ። ከላይ ያለው ሁሉ እዚያው የሚሠራ ነው፣ ኧርዙን ደግሞ ጭነሽ አታመጪውም። ኧርዙ ታስሮም መነዘሯን ያልተወች አንዲት ማሽን ካለች እሷን ብቻ ላኪልኝ። ስትመለስ ደግሞ አንድ ነገር፦ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፣ ጠዋት የሚነሣ ሚኒባስ ላይ የተጫነ ማሽን እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ከጣርማ በር ወርዶ ሞቃቱና እርጥቡ አየር ሲያገኘው ውስጡ ጤዛ ያወጣል። ከነካርቶኑ ሁለት ሰዓት ያህል አስቀምጡት፤ ካርቶኑን ከፍታችሁ ቆርቆሮውን ስትዳብሱት ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እኩል ሲሆን ሰኩት።