ሰማይን መውቀስ

ጥያቄ፦ የመካከለኛው ዘመን የፋርስ ዝርው ጽሑፍ በ«ሰማይ በደለን፣ ዘመን ከዳን» እሮሮ የተሞላ ነው። ጸሐፊዎቹ በእርግጥ ሰማይን ነበር የሚወቅሱት?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይመስለኝም። ብዙዎቹ የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች ነበሩ፤ እንጀራቸውም አንገታቸውም በንጉሡ እጅ ነው። ሰማይ ግን ተወቅሶ አይቀጣም።

ደጋግሜ የማነበው ግን ሰማይን ያልጠራ አንድ ምሬት ነው። የጋዝነዊዎቹ ሥርወ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊ በይሃቂ፣ የንጉሥ ማሕሙድ ሚኒስትር የነበረው ሐሰነክ በማሕሙድ ልጅ በንጉሥ መስዑድ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1032፣ በዛሬዋ አፍጋኒስታን ባለችው በባልኽ ከተማ እንዴት እንደተሰቀለ ይተርካል። አስከሬኑ ሰባት ዓመት ያህል ከመስቀያው አልወረደም። እናቱ መርዶውን የሰማችው ከወራት በኋላ ነበር። ከዚያም ያለችው ይህን ያህል ነው፤ ልጄ እንዴት ያለ ታላቅ ሰው ነበር! እንደ ማሕሙድ ያለ ንጉሥ ይህን ዓለም ሰጠው፣ እንደ መስዑድ ያለ ንጉሥ ደግሞ ያኛውን ዓለም። አንድም የስድብ ቃል የለበትም፤ ላዩ ምስጋና ነው፣ ውስጡ ክስ። ባነበብኩት ቁጥር ጉሮሮዬን ያንቀኛል።

ነሰዊ ግን አይሸፍንም። በመካከለኛው እስያ የነበረው የኽዋራዝም ግዛት ሱልጣን የጀላል አልዲን ጸሐፊ ነበር። ሱልጣኑ በ1231 ከሞተ በኋላ ከሞንጎሎች ሲሸሽ ያየውን መከራ ጽፎ፣ መጽሐፉን «ነፍሰት አልመስዱር» አለው፤ ደረቱን የታመመ ሰው የሚተፋው ማለት ነው። አጻጻፉ በዐረብኛ ቃላት የታጨቀ በመሆኑ ፋርሳውያን አንባቢዎችን እንኳ ይፈትናል። ከበይሃቂ ቢጀምሩ ይሻላል።