የቅርንፉድ ዘይት ለቲማቲም ተባይ ይሆናል ወይ ላልከው ወንድሜ

«ቲማቲሜን ነጭ ዝንብና ክሽክሽ ወረረው፣ ኬሚካል ሰልችቶኛል፣ የቅርንፉድ ወይም የባሕር ዛፍ ዘይት በውሃ በጥብጬ ብረጭ ይሠራል?» ብለሃል። ይሠራል። ግን በውሃ ብቻ እንዳትበጠብጥ! እኔ ጉድ የሆንኩት እዚያ ላይ ነው።

1. ዘይቱ ከውሃ ጋር አይዋሃድም፣ የቅርንፉዱ ከውሃ ስለሚከብድ ታች ይዘቅጣል፣ የባሕር ዛፉ ደግሞ አናቱ ላይ ይንሳፈፋል። መርጫው ደግሞ የሚስበው ከታች ነው። ስለዚህ በቅርንፉዱ ስትጀምር ዘይቱን እንዳለ ታወርደዋለህ፣ ከዚያ በኋላ ባዶ ውሃ ትረጫለህ፣ በባሕር ዛፉ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። የቅርንፉድ ዘይቱን የሸጠልኝ ሰውዬ ይሄን ሊነግረኝ ቀርቶ «ውሃ ውስጥ ጠብ አድርገህ ርጭ፣ በጨመርክበት ቁጥር ይጎብዛል» ብሎ ሸኘኝ። ረጨሁ። በማግስቱ መጀመሪያ የረጨኋቸው መደቦች ቅጠላቸው ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ተጠቅልሏል፣ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ሁሉ ደርቆ ጠቃጠቆ ሠርቷል። መጨረሻ ላይ በረጨኋቸው ደግሞ ነጭ ዝንቡ ተክሉን ነካ ሳደርገው እንደ አመድ ቡን ብሎ ይነሳል። ምንም አልሆነም! የተቃጠለውን ቅጠል ይዤ ሰውዬው ጋ ሄድኩ። ቀና ብሎም አላየኝ። «መሬትህ ነው» አለኝ። ቅጠል ላይ የረጨሁትን መሬቴ አቃጠለው ማለት ነው እንግዲህ። ጠርሙሱ ላይ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም እንኳ አልተጻፈም፣ ከቅጠሉ ይሁን ከእንቡጡ የወጣ ስለው «ቅርንፉድ ቅርንፉድ ነው» ብሎ ሌላ ሰው ማስተናገድ ጀመረ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እና ምን ታደርጋለህ፣ ዘይቱን መጀመሪያ በትንሽ ኩባያ ከፈሳሽ ሳሙና ጋር አዋህደው። በረኪና የሌለበት ተራ ሳሙና ይሁን። ከዚያ እያማሰልክ ውሃውን ጥቂት በጥቂት ጨምር፣ ወተት ሲመስል ደርሷል። እኔ ለ1 ሊትር ውሃ 5 ሚሊ ሊትር ዘይት አላልፍም፣ ማለትም 0.5 በመቶ። ወደ 1 በመቶና ከዚያ በላይ ስትወጣ ቅጠል የማቃጠሉ ነገር እየባሰ ይሄዳል። እየረጨህም መርጫውን ወዝወዝ አድርገው፣ ዝም ካልከው ተመልሶ ይለያያል። ከሁሉ በፊት ግን ጥቂት ቅጠሎች ላይ ሞክርና 2 ቀን ጠብቅ። ይቺን 2 ቀን የናቀ ሰው ማሳውን ሁሉ መሞከሪያ ያደርጋል።

2. ከመግዛትህ በፊት ጠይቅ፣ ሻጩ ቢቆጣም ጠይቅ። ለሽታ ብቻ የተሠራ ሽቶ በዘይት ስም ይሸጣል። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርግበት፣ ንጹሑ አብዛኛው ተንኖ ይጠፋል፣ የምግብ ዘይት የተጨመረበት ግን የቅባት ክብ ይተዋል። ሽቶውን ግን ወረቀት አያጋልጠውም፣ እሱን የምትለየው ጽሑፉን አንብበህ ነው። ቅርንፉድ ከሆነ ዋናው ንጥረ ነገር ዩጂኖል ነው፣ ባሕር ዛፍ ብዙውን ጊዜ ሲኒዮል፣ ጦስኝ ደግሞ ታይሞል። ጦስኝ እንደ ዝርያው ስለሚለያይ ታይሞል የሌለውም አለ። የኒም ዛፍ ዘይት ከእነዚህ ከሚተኑት ዘይቶች አይቆጠርም፣ እሱ ከፍሬው የሚጨመቅ ከባድ ዘይት ነው፣ አሠራሩም ሌላ ነው።

3. ቶሎ ይተናል። ጥቅሙም ጣጣውም ይሄው ነው፣ ሰብሉ ላይ ብዙ አይቆይም፣ ግን ነገ የሚመጣውን ተባይም አይጠብቅልህም። የሚገድለው ያገኘውን ነው። ነጭ ዝንብ እንቁላሉን የሚጥለው ከቅጠሉ ሥር ነው፣ ጫጩቶቹም እዚያው ተለጥፈው ነው የተክሉን ፈሳሽ የሚመጥጡት፣ ስለዚህ የመርጫውን አፍንጫ ወደ ላይ አዙረህ ከታች ካልረጨህ ደከምክ እንጂ ምንም አልሠራህም። እንቁላሉ ስለሚተርፍ በሳምንት ውስጥ ትደግመዋለህ። አንዴ ረጭተው «አይሠራም» የሚሉት ሰዎች እኮ ሁለተኛውን ዙር ያልረጩ ናቸው። እኔ ዙሩን ሳላዛንፍ ነው ክሽክሹን ያጠፋሁት። መጀመሪያ ሲስቁብኝ የነበሩት አሁን «በጥብጥልን» እያሉ ይመጣሉ፣ እኔም ትንሽ ሳልኮራ አልበጠብጥላቸውም።

አመሻሽ ላይ ርጭ፣ ፀሐይ ካለ ቅጠል ያቃጥላል፣ ንብም ይጎዳል። ሰልፈር ረጭተህ ከሆነ ቢያንስ 2 ሳምንት ቆይ፣ ዘይትና ሰልፈር ተገናኝተው ቅጠል ይፈጃሉ። ጓንትና መነጽርም አድርግ፣ የቅርንፉድ ዘይት ዓይን ውስጥ ከገባ ተፈጥሮ ነው ብሎ አይምርህም። የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ከሆነ የያዝከው ደግሞ መርጫውን ወዲያው እጠበው፣ ጎማውን ይበላዋል።

የቅጠሉን ጀርባ በደንብ አቅርበህ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፈው። ቀይ ሸረሪት ተቀላቅሎበት ከሆነ ሌላ ነገር እነግርሃለሁ።