ጥያቄና መልስ፦ ኢሜይል ላክ ስለው ሶፍትዌሩ ድርግም ይላል

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ሰነበቱ፣ ፍኖተ ሰላም አካባቢ አንድ የገበሬዎች ህብረት ስራ ውስጥ ነው የምሰራው። የአባላት መዝገብ የያዝንበት ሶፍትዌር አለ፣ በሲ ሻርፕ የተሰራ ነው ይላሉ፣ የሰራው ልጅ አሁን ውጭ ነው ያለው። የስብሰባ ጥሪ በኢሜይል ላክ ስለው ትንሽ ይሄድና የገባው ፅሁፍ የኢሜይል አድራሻ ቅርፅ የለውም ምናምን የሚል በእንግሊዝኛ አሳይቶኝ ድርግም ይላል። ሁለቴ አጥፍቼ ጫንኩት፣ ኮምፒውተሩንም ፎርማት አስደረኩት፣ ያው ነው። 870 አባላት አሉን፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንደምን ሰነበትሽ እህቴ። መጀመሪያ ላክ የሚለውን መጫን አቁሚ፣ ምክንያቱም እንዲህ አይነት ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ነው የሚልከው፣ የተበላሸው አድራሻ ጋ ሲደርስ ይወድቃል፣ ስታስነሺው ደግሞ እንደገና ከአንድ ይጀምራል፣ ከላይ ያሉት አባላት ያንኑ ጥሪ ሶስት አራቴ ደርሷቸው ይሆናል። ፎርማቱም ያልረዳሽ ለዚህ ነው፣ ችግሩ ያለው መዝገቡ ውስጥ ስለሆነ መዝገቡን ስትመልሺው አብሮ ይመለሳል።

ያየሽው መልእክት የዶት ኔት ነው፣ በሲ ሻርፕ ቋንቋ የተፃፉ ፕሮግራሞች የሚሰሩበት መድረክ ማለት ነው። አድራሻው @ ከሌለው፣ ወይ ከኮም በፊት በነጥብ ፋንታ ኮማ ከገባ ስህተት አለ ብሎ ስራውን ያቋርጣል፣ ፕሮግራመሩ ያን ስህተት የሚይዝ ትራይ ካች የሚባል የኮድ ክፍል ካልፃፈ ሙሉው ፕሮግራም ይዘጋል። ባዶ ሳጥንም እንደዛው ይጥለዋል።

ፕሮግራሙን የጣለው የማን አድራሻ እንደሆነ ለማግኘት የላኪውን አካውንት የተላኩ የሚለውን ክፍል ክፈቺ፣ መጨረሻ ላይ የደረሰው ማን ነው? በመዝገቡ ተራ ከሱ ቀጥሎ ያለውን እይ፣ ብዙ ጊዜ እዛው ነው። ግን አንዱን አርመሽ ብትልኪ ሌላው ይጥልሻል፣ ስለዚህ መዝገቡን ኮፒ አስቀምጪና ወደ ኤክሴል አውጪው፣ በኢሜይሉ አምድ ላይ ፊልተር አድርገሽ @ የሌለባቸውን ለይ፣ ቀጥሎ ኮማ ያለባቸውን፣ ቀጥሎ መሀል ላይ ክፍት ቦታ ያለባቸውን።

ምን እንደምታገኚ ልንገርሽ። ደብረ ማርቆስ አንድ መስሪያ ቤት እንዲሁ ሲወድቅባቸው ሄጄ አይቼ ነበር፣ ፊልተር ስናደርግ አምዱ ላይ «የለውም»፣ «የለውም»፣ «የለም»፣ ሰረዝ፣ አንድ ቦታ ደግሞ ስልክ ቁጥር። መዝጋቢዋ ምን ታድርግ፣ ፎርሙ ኢሜይል ካልሞላሽ አላስቀምጥም ይላታል፣ ፊቷ የቆሙት አባት ደግሞ ኢሜይል የላቸውም፣ እውነቱን ፃፈችው። በጣም ነው ያሳዘነኝ፣ ሰው እሷን ነበር የሚወቅሰው፣ ጥፋቱ ግን ሁሉም ገበሬ ኢሜይል አለው ብሎ ያሰበው ፎርም ነው።

ለአሁኑ እነዚህን አባላት ከመላኪያው ዝርዝር አውጥተሽ በስልክ መልእክት ጥሪያቸው፣ እስካሁን የደረሳቸውንም አስወጪ እንዳይደገምባቸው። ለልጁ ደግሞ በቴሌግራም ፃፊለት፦ ኢሜይል ባይሞላም መዝግብ፣ ከተሞላ ግን ሲገባ አጣራ፣ አንዱ አድራሻ ቢበላሽ እሱን ዘለህ ስሙን መዝግበህ ቀጥል፣ የተላከለትንም ምልክት አድርግበት በለው። ኮዱ እጁ ላይ ካለ የሳምንት ስራ አይደለም።