ባሌ እቃቃ ይጫወታል

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ቦታ የለም። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ቦታ ኖሮበት አያውቅም።

ባለቤቴ ትንሽ ቤት ይሰራል። ሰው የሚኖርበት ቤት አይደለም፤ የአሻንጉሊት ቤት የሚሉት ዓይነት ነው። ደሴ ያደገበትን የእናቱን ቤት ነው አሳንሶ የሚሰራው። እውነተኛው ቤት 6 ሜትር በ5 ሜትር ነበር ይላል። ሁሉንም ነገር በ12 ያካፍለዋል። እኔ ጠረጴዛ ላይ ያለው እንግዲህ 50 ሳንቲ ሜትር በ42 ነው።

ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ግን ቤቱ ብቻውን መች ተቀመጠ! ሙጫው አለ፣ ምላጩ አለ፣ የእንጨት ስንጥሩ፣ ቀለሙ፣ ወረንጦው አለ። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነው። ሌላ ጠረጴዛ የማስገባበት ቦታ የለኝም። ለገና 11 ሰው ጠርቼ ሁሉም ሰሃኑን ጭኑ ላይ አድርጎ በላ። ዶሮ ወጥ በጭን ላይ! አክስቴ ነጭ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰባት። እኔ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ ነበር።

ቀን ፓርኪንግ ይሰራል። ማታ ራቱን ይበላል፣ እጁን ይታጠባል፣ ከዚያ ቁጭ ነው። ጣሪያውን ከለስላሳ ቆርቆሮ ቆርጦ፣ በካርቶን ሽንሽን ላይ ተጭኖ፣ ልክ የቤት ክዳን አስመሰለው። ዝገት ለመቀባት ብቻ ሦስት ማታ ፈጀ። ባለፈው ወር ደግሞ ፖሊመር ክሌይ የሚሉትን ሸክላ መሳይ ነገር ገዝቶ እንጀራ ሰራ። አምስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን እንጀራ። አይኑን በመርፌ ሲወጋ አመሸ፤ አልመጣለትም። ልጃችን የጥርስ ብሩሿን አምጥታ ጫን ጫን ስታደርግበት እንጀራው አይን አወጣ። ሁለቱም ጮኹ። ከዚያስ? ድፎ ዳቦዬን በምጋግርበት ኦቨን፣ በገዛ ትሪዬ አስገብቶ ጋገረው። ቤቱ በሙሉ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ሸተተ።

ገንዘቡንም አላነሳሁም። ባለፈው ወር ብቻ 140 ዶላር ወጥቷል። ጓደኞቼ «ባልሽ እቃቃ ይጫወታል እንዴ?» ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስ? የ46 ዓመት ሰው ነው።

ልጃችን 9 ዓመቷ ነው። የቤት ስራዋን እንደ ነገሩ ትጨርስና ሄዳ አጠገቡ ትለጠፋለች። እኔ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ከእሱ ጋር ግን «ማገር»፣ «ምሰሶ»፣ «መደብ» ስትል እሰማታለሁ። ምሰሶ ፈተና ላይ አይመጣላት፤ ጊዜዋን ነው የሚያባክንባት።

ቢያልቅ እንኳ ጥሩ ነበር። አያልቅም። ጓዳው እስካሁን ባዶውን ነው። አንድ ማታ ከስራ ደክሞኝ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ «እናትሽ ጓዳ የነበረው ጉልቻ ቁመቱ ምን ያህል ነበር?» አለኝ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ የደሴ ቤት ምን አገባኝ? «እባክህ ተወኝ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ጠይቆኝ አያውቅም።

እናቱ ያረፉት በ2012 ዓ.ም. ነው። ኮሮና ነበርና ለቀብር አልሄደም። ቤቱ ደግሞ የዛሬ ሁለት ዓመት ተሽጦ ፈረሰ፣ ፎቅ እየተሰራበት ነው። እህቱ ደውላ ነገረችው። «እሺ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። በሳምንቱ እንጨት ገዝቶ መጣ።

ለፋሲካ እንግዳ አለብኝ። ከዚያ በፊት እሱ ስራ በሄደበት ቤቱን ካርቶን ውስጥ ከትቼ ዕቃ ማከማቻ ባስገባው ጥፋት ነው? ጠረጴዛዬን ማስመለስ መብቴ አይደለም?

እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር ልጨርሰው። ማታ የሳሎኑን መብራት አጥፍቶ የትንሹን ቤት አምፖል ያበራል። ጎንበስ ብሎ በመስኮት ወደ ውስጥ ያያል። እኔና ልጄ የሌለንበት ቤት ነው። እትዬ፣ የዚህ ሰው ልብ እዚያ ነው እንዴ? አንድ ቀን ሻንጣውን አንስቶ ይሄድብን ይሆን?

እህትዎ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

* * *

እህቴ፣

ካርቶኑን አታምጪው። እሱ በሌለበት ያንን ቤት አትንኪው። ይህን አስቀድሜ ያልኩሽ ደብዳቤው እስኪደርስሽ ፋሲካ እንዳይቀድመኝ ነው።

አሁን ወደ ጉልቻው እንምጣ። ሦስት አራት መስመር ጽፈሽ ያለፍሽውን እኔ ደጋግሜ አነበብኩት።

ባልሽ ደሴ ያደገ ወንድ ልጅ ነው። በዚያን ጊዜ ወንድ ልጅ ጓዳ ብቅ ካለ ምን ይባል እንደነበር ታውቂያለሽ። «ውጣ ከዚህ! ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሰራል?» ይባላል። ስለዚህ ጣሪያውን ያውቀዋል፤ ሲዘንብ በየት በኩል እንደሚያፈስ ሳይቀር። መደቡን ያውቀዋል፤ ተኝቶበታል። ጓዳውን ግን ያየው ከበር ላይ ቆሞ ነው። ጭሱን ያስታውሳል፣ የእናቱን ጀርባ ያስታውሳል። ቡሃቃው በየትኛው ጥግ እንደሚቀመጥ፣ አክንባሎው የት እንደሚደገፍ፣ ጉልቻው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ከየት ይወቀው? እናቱን እንዳይጠይቅ እናቱ የሉም። ሄዶ እንዳያይ ቤቱ የለም። ጓዳ ገብታ ያደገች፣ እንጀራ ስትጋግር ጭስ አይኗን ያቃጠላት አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ አለችለት። አንቺ ነሽ። መጥቶ ጠየቀሽ። «ተወኝ» አልሽው፤ ተወሽ።

ጓዳው ባዶ የሆነው ለዚህ ነው። «እኔና ልጄ የሌለንበት ቤት» ብለሻል። የልጅሽ ጥርስ ብሩሽ እንጀራው ላይ ታትሟል እኮ! ያላገኘሽው ቦታ ካለ፣ እሱ አስቦ የተወልሽ ያ ጓዳ ነው። ባያስብ ኖሮ ያየውን የመሰለ ነገር ጠፍጥፎ ይሞላው ነበር። በዝገት ላይ ሦስት ማታ ያደረ ሰው ጉልቻ መገመት አቅቶት አይደለም።

ይህን ስራ የሚሰሩ ሰዎች ልኬት ላይ ግትር ናቸው። በ12 ማካፈሉንም ከራሱ አላመጣውም፤ በዓለም ላይ በብዛት የሚሰራበት ልክ ነው። አንድ ጫማ፣ ፉት የሚሉት ልኬት፣ አንድ ኢንች ይሆናል። ጉልቻው ትንሽ ከልኩ ካለፈ ምጣዱ ይዛነፋል፣ ምጣዱ ከተዛነፈ ፊቱ ቆማ የምትጋግር ሴት ቁመት አይገጥምም፣ ቤቱ በሙሉ አሻንጉሊት ሆኖ ይቀራል። ካንቺ ብዙም በማይርቀው ባልቲሞር፣ የሜሪላንድ ዋና የአስከሬን መርማሪ ቢሮ ውስጥ፣ ፍራንሲስ ግሌስነር ሊ የምትባል ሴት በ1940ዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የሰራቻቸው ትንንሽ ክፍሎች አሉ። እነሱም በ12 የተካፈሉ ናቸው። የሰው አሟሟት የሚመረምሩ ፖሊሶች አይናቸውን እንዲያሰለጥኑባቸው ነው የሰራቻቸው፤ እስከ ዘመናችን ድረስ ሲማሩባቸው ኖረዋል። ሴትየዋ የአሻንጉሊቶቹን ካልሲ በስፒል ትሸርብ ነበር። ስትጀምር ከስልሳ ዓመት በላይ ነበረች። ቺካጎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያሉ 68 ክፍሎች ለሕዝብ ይታያሉ። ለጓደኞችሽ መልስ ካጣሽ ይህን ንገሪያቸው።

እቃቃ የሚለውን ቃልም እንደ ስድብ አትያዥብኝ። ጭቃ ጠፍጥፈን ድስት፣ ቅጠል ከትፈን ጎመን፣ አፈር ነፍተን ዱቄት አድርገን ነው ቤት ማለት ምን እንደሆነ የተማርነው። ገጠር ያደገ ልጅ ሁሉ የጭቃ በሬ ሰርቶ ጠምዷል። ጎንደር አጠገብ ወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሸክላ ይሰሯቸው የነበሩትን ትንንሽ ምስሎች ስንቱ መንገደኛ ገዝቶ አገሩ ወስዷል። በትንሹ መስራት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለ ልጅሽ የጻፍሽው ግን አናዶኛል። ልደብቅሽ አልፈልግም።

እኔ ሁለት ልጆች እዚሁ ውጭ አገር አሳድጌያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ አስተምሬያቸዋለሁ። ሀ ሁን እስከ ፐ ይሉታል። አንድ እሁድ እናቴ ከአገር ቤት ደወለችና ወንዱ ልጄ አነሳ። «የት ነበርሽ አያቴ፣ ስደውል ነበር» አላት። «ጓዳ ገብቼ ነው የኔ ጌታ» አለችው። ዝም አለ። ጓዳ ምን እንደሆነ አላወቀም። አገር መሰለው መሰለኝ። ስልኩን አቀበለኝና ወደ ክፍሉ ሄደ። እናቴ «ምነው፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ያን ጊዜ 17 ዓመቱ ነበር፣ አሁን 31 ሆኗል። እናቴም አልፋለች። ሌላ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያቺን ዝምታ አልረሳሁም።

ፊደሉን ነበራቸው፤ ቃሉን የሚያኖሩበት ነገር አልነበራቸውም። ማገር ነክተው አያውቁማ። ያንቺ ልጅ ማገሩን በጣቷ ይዛ፣ በሙጫ አጣብቃ፣ «አባዬ፣ ማገሩ ወደቀ» ትላለች። በስንት ዶላር ነው ይህን የምትገዥው? እኔ ያኔ የ140 ዶላሩን አሥር እጥፍ እከፍል ነበር። «ፈተና ላይ አይመጣላትም» አልሽኝ። በአያቷ ዘመዶች ፊት ስትቀርብ ይመጣል። አንቺ አርጅተሽ እንግሊዝኛው ሲጠፋብሽ ይመጣል።

ስለ ኦቨኑ ልክ ነሽ፤ እዚህ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ። ያ ሸክላ መሳይ ነገር ፕላስቲክ ነው። የሚጋገረው በ275 ፋራናይት አካባቢ ነው፣ እሽጉ ላይ ተጽፎለታል። ካለፈና ካረረ የሚያንቅ፣ የሚጎዳ ጭስ ያወጣል። ለምግብ በሚሆን ትሪ መጋገር ፈጽሞ የለበትም። ርካሽ ትንሽ የጠረጴዛ ኦቨን ይግዛና መስኮት አጠገብ ያድርገው፤ ሙቀቱንም በቴርሞሜትር ይለካ። ያ ቶሎ የሚይዘው ፈጣን ሙጫም ትነቱ አይን ያቃጥላል። ልጅ አጠገቡ እያለች መስኮት ሳይከፍት አይንካው። ምላጩ ደግሞ ማታ ማታ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይግባ። ይህን ቆፍጠን ብለሽ ንገሪው። የወር ወጪውንም አብራችሁ ወስኑ።

ጠረጴዛሽን በተመለከተ፣ ቤቱ ከስር ጠንካራ ጣውላ ይሰራለት፣ በሁለት በኩል እጀታ ይኑረው። 50 በ42 የሆነ ነገር ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። እንግዳ ሲመጣ ሁለታችሁ አንስታችሁ ታስቀምጡታላችሁ። ዕቃው አንድ መሳቢያ ያለው ሳጥን ይበቃዋል። ይህ የአንድ ቅዳሜ ስራ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትናደጂ ይህን አለመነጋገራችሁ ነው የገረመኝ።

ይሄድብኝ ይሆን ላልሽው፣ ወዴት? አንቺው ነሽ ቤቱ ፈርሷል ያልሽኝ። እናቱን አልቀበረም። ድንኳን አልተጣለለትም፣ ለቅሶ አልተቀመጠም፣ አፈር አላለበሰም። «እሺ» ብሎ ስልክ ዘጋ አልሽኝ። እኔ ከዚያ በኋላ የሚታየኝ ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ያንቺ ጠረጴዛ ድንኳኑ ሆኗል። በእኛ ወግ ለቅሶኛ ብቻውን አይተውም፤ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል፣ ማታ አብሮት ያመሻል። ባልሽን ሁለት ዓመት ያስተዛዘነችው የ9 ዓመት ልጅ ብቻ ናት። ለቅሶ ቤት ገብተሽ «ጠረጴዛዬን ልቀቁልኝ» ትያለሽ? አትይም። ክፉ ሰው አይደለሽም፤ ከደብዳቤሽ አውቄሻለሁ።

ደክሞሻል። ከስራ ገብተሽ ደግሞ ቤት ይጠብቅሻል፤ ያንቺን እናት ጓዳ የሚጠይቅሽ ሰው ለዓመታት አልነበረም። ያ ሰው ሲጠይቅሽ ሰዓቱ መጥፎ ሆነ እንጂ ጥያቄው ላንቺም ነበር። የደብረ ብርሃኑን ጉልቻ ማስታወስ ሊያስለቅስሽ ይችላል። ያስለቅስሽ።

ዛሬ ማታ ራት ከበላችሁ በኋላ ወንበር ሳቢና በልጅሽ ማዶ ተቀመጪ። ስለ ፋሲካው አሁን አታንሺ፤ ነገ ይደርሳል። ሰባት ስምንት ዓመት ሳለሽ ጓዳ ገብተሽ ከእሳቱ ፊት ስትቆሚ ጉልቻው እስከ የትሽ ይደርስ ነበር? ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ ከጉልበት በታች? በእጅሽ አሳዪው። ልጅሽ ማስመሪያውን ትያዝ፣ በ12 ማካፈሉን ለእሷ ተዉላት።