ውጤቱ በእኔ ስም መጣ፤ ባለቤቴም ጠረጠረኝ

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረውም አዲስ አበባ ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 13 ዓመት ሆኖናል። ከዚያ በፊት ሁለታችንም ሌላ ጓደኛ ነበረን፤ ከተጋባን ወዲህ ግን እኔ ሌላ ወንድ አላውቅም። በቅርቡ ጤና ጣቢያ ሄጄ የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ሳደርግ የዚህ ካንሰር ዋና መንስኤ የሆነው ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ ተገኘብኝ። የማኅፀን በሬን አሴቲክ አሲድ (የኮምጣጤ አሲድ) ቀብተው ሲያዩት የተለወጠ ነገር ስላልነበረ ከዓመት በኋላ እንድመለስ ተነገረኝ። ለባለቤቴ ስነግረው «ከየት አመጣሽው?» አለኝ፤ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሳሎን ይተኛል። እኔም እሱን መጠርጠር ጀምሬ ስልኩን እፈትሻለሁ። ገላዬን ተጸይፌዋለሁ፤ ፎጣዬን እንኳ ከልጆቼ ለይቻለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከጻፉልኝ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ የፎጣው ነገር ነው። ራሷን ከካንሰር ለመጠበቅ ብላ በገዛ እግሯ ለምርመራ የሄደች እናት በገዛ ቤቷ ራሷን እንደ ርኩስ መቁጠሯ ጉዳቱ ምን ያህል ጠልቆ እንደገባ ያሳያል። ይህ ቫይረስ በዋናነት የሚተላለፈው በወሲብ ወቅት በሚኖር የቆዳ ንክኪ እንጂ ልጅን በማቀፍ ወይም ከአንድ ትሪ በመብላት አይደለም። ስለዚህ እባክዎ ፎጣውን ዛሬውኑ ወደ ቦታው ይመልሱት።

የባለቤትዎ ጥያቄም ሆነ የእርስዎ ጥርጣሬ ይህ ምርመራ ሊሰጥ የማይችለውን መልስ የሚፈልጉ ናቸው። ወሲባዊ ግንኙነት ከጀመሩ ሰዎች አብዛኞቹ፣ ወንዱም ሴቷም፣ በሕይወታቸው በአንድ ወቅት ኤች ፒ ቪ ይይዛቸዋል፤ ከአሥሩ በዘጠኙ ገደማ ሰውነታቸው ራሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ይቆጣጠረዋል። በአንዳንዶች ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ተደብቆ ከቆየ በኋላ በምርመራ ሊታይ ይችላል። ምርመራው ቫይረሱ ዛሬ መኖሩን ይናገራል፤ መቼ እንደገባና ከማን እንደመጣ ግን አይናገርም። ከጋብቻችሁ በፊት የነበረ፣ እርስዎም እሳቸውም ሳታውቁት አብሯችሁ የኖረ ሊሆን ይችላል። እውነቱን ለመናገር፣ ውጤቱ የማንንም ታማኝነት አያረጋግጥም፤ የማንንም ክህደትም አያስረዳም። ባለቤትዎን የሚያስጠረጥር ሌላ ምክንያት ካለዎት እሱ በራሱ የሚነጋገሩበት ጉዳይ ነው፤ ከዚህ ወረቀት ጋር አያያይዙት።

በብዙ ባለትዳሮች መካከል የማየው ችግር ከምርመራው አሠራር ይጀምራል። በአገራችን ቅድመ ምርመራው በተለይ የሚመከረው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች በመሆኑ ውጤቱ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ትዳር ከተመሠረተ ከዓመታት በኋላ ነው። ለወንዶች ደግሞ እንዲህ ያለ መደበኛ የኤች ፒ ቪ ምርመራ የለም። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ሊጋሩት የሚችሉት ቫይረስ በአንዷ ስም ብቻ ይጻፋል፤ ስሟ የተጻፈባት ሴትም ጥፋቱን ለብቻዋ እንድትሸከም ትደረጋለች። ይህ ፍትሕ የጎደለው ነው። ባለቤትዎም ያን የመሰለ ቃል የተናገሩት ደንግጠው ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ቃሉ ጎድቶዎታል፤ መጎዳትዎንም ሊሰሙ ይገባል።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ ብላችሁ ስትነጋገሩ በክስ አይጀምሩ። «ውጤቱን ስሰማ በጣም ፈራሁ፤ አንተም እንደ ደነገጥህ አይቻለሁ፤ ከየት አመጣሽው ስትለኝ ግን ብቻዬን ቀረሁ። ነርሷ የነገረችኝን አንተም ከእሷ እንድትሰማ አብረን እንሂድ» ማለት ይችላሉ። ብዙ ባሎች ከሚስት ሲሰሙት ማስተባበያ የሚመስላቸውን ከባለሙያ ሲሰሙት ይቀበሉታል። ስልካቸውን መፈተሽዎንም አቁመው ራስዎ ይንገሯቸው፤ ይህን ደብቀው የእሳቸውን አመኔታ መጠየቅ ይከብድዎታል። ጉዳዩን ወደ ሽማግሌ ወይም ወደ ነፍስ አባት መውሰድ ቢታሰብ ደግሞ የምርመራ ውጤትዎን ለማን እንደሚገልጹ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፤ እሳቸውም ያለፈቃድዎ ለዘመድ እንዳይናገሩ አስቀድመው ይንገሯቸው። ጥርጣሬያቸው ወደ ዛቻ ወይም ወደ ዱላ ከተሻገረ ግን በውይይት የሚፈታ ነገር አይደለምና ለደኅንነትዎ ወደሚያምኑት ሰውና ወደ ሕግ ይሂዱ።

ወደ መኝታ መመለስን በተመለከተ፣ ቫይረሱ በመገኘቱ ብቻ ግንኙነት ማቋረጥ የለባችሁም። ኮንዶም መተላለፉን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይከላከልም። ነገር ግን ፍላጎትዎ እስኪመለስ ጊዜ ይውሰዱ፤ ንጹሕ መሆንዎን ለማሳየት ብለው ገላዎን አይስጡ።

ስለ ካንሰሩም ይፈሩ ይሆናል። ቫይረሱ ሳይጠፋ ቢቆይ እንኳ የመከላከል አቅሟ ባልተዳከመ ሴት ላይ ወደ ካንሰር ለማደግ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል፤ ኤች አይ ቪ ኖሮባቸው ሕክምና ባልጀመሩ ሴቶች ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊፈጥን ይችላል። በመካከሉ የሚታይ ለውጥ ካለ በቀላል ሕክምና ሊወገድ ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ ሴቶች በኀፍረት ወይም በቤት ጭቅጭቅ ምክንያት በቀጠሮአቸው ሳይመለሱ መቅረታቸው ነው። ከባለቤትዎ ጋር ብትታረቁም ባትታረቁም በተነገረዎት ጊዜ ይመለሱ። እንቅልፍ ማጣቱና ራስን መጸየፉ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ ደግሞ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ።