ውሻን ማቆያ ማዋል ለየትኛው ውሻ ይሆናል?

ውሻን ቀን ቀን ከሌሎች ውሾች ጋር አንድ ግቢ ማዋልን በተመለከተ ከጎጃም ከተሞች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው።

ከባሕር ዳር፦ እኔም ባለቤቴም ሥራ እንውላለን። ቡቺ 2 ዓመቱ ነው፤ ማታ ይፈታል፣ ቀን ታስሮ ይውላል። ጩኸቱ ጎረቤት አማረረ። ማቆያ ላስገባው?

አትቸኩል ወንድሜ። ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ የሚጮኸው ብዙ ጊዜ መንቀሳቀስ አጥቶ ነው። ከሥራ በፊት ለ30 ወይም ለ40 ደቂቃ በገመድ አዙረው፣ እያሸተተ ይሂድ። አጥርህ ደህና ከሆነ ቀንም ፍታው። ሁለት ሳምንት ሞክረህ ካልበረደለት ያኔ ማቆያ ይታሰባል። ብቻ ከሰንሰለት ፈትቶ አሥር ውሻ መሃል መልቀቅ ጠብ መጥራት ነው፤ ሰንሰለቱን እየጎተተ በሌላ ውሻ ላይ መጮህ ለምዷልና። መጀመሪያ ከአንድ ረጋ ያለ ውሻ ጋር፣ የሁለቱም ባልሆነ ሜዳ፣ 5 ሜትር ያህል ተራርቀው ጎን ለጎን ይሂዱ። ገመዱ ካልተወጠረ ቀስ እያላችሁ አቀራርቧቸው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጨዋታና ጠብ አይለይልኝም። አንዱ ሌላውን ጥሎ አንገቱን ይይዛል፣ ባለቤቱ «እየተጫወቱ ነው» ይለኛል።

አንገት መያዙ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ሲጫወቱ ገላቸው ልል፣ አፋቸው ከፈት ያለ ነው። ጋባዡ የፊት እግሩን ዘርግቶ ደረቱን ዝቅ፣ ወገቡን ከፍ ያደርጋል። ደግሞ ይፈራረቃሉ፤ አሁን የተባረረው ቆይቶ ያባርራል። በየመሃሉም ቆም ብለው ገላቸውን ያራግፋሉ። ካልተለየሽ አባራሪውን ለጥቂት ሰከንድ ያዢው። ሌላው ራሱ ተመልሶ ከመጣ ጨዋታ ነበር፤ ጥግ ፈልጎ ከሄደ አልነበረም።

ጠብ ሊነሳ ሲል ግን ብዙ ጊዜ ጸጥ ይላሉ። አፍ ይገጠማል፣ ገላ ይገተራል፣ ጭራ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ዓይን ይፈጣል። መለየት ያኔ ነው። ስላጉረመረመ አትምቺው፤ ማጉረምረም የተከለከለ ውሻ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላውን ነው፦ ቀኑን ሙሉ በር ሥር ጭራውን ሸጉጦ የሚቀመጠውን፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን የሚልሰውን፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት የሚያዛጋውን። ጠባቂው «ጨዋ ነው፣ አያስቸግርም» ይልሻል። ጨዋ ሆኖ ሳይሆን ፈርቶ ነው። ሦስት አራት ጊዜ ግማሽ ቀን ውሎ ካልተለወጠ ማቆያ አይሆነውም።

ከቡሬ፦ ቡችላዬ 2 ወሩ ነው። ከአሁኑ ይልመድ?

ማቆያ ገና ነው። የፓርቮና የዲስቴምፐር (ውሻ ከውሻ የሚይዛቸው የቫይረስ በሽታዎች) ክትባት ከ6–8 ሳምንቱ ተጀምሮ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንቱ ይደጋገማል። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ የታመመው ውሻ ከሄደ በኋላም ግቢው ያስይዛል። የእብድ ውሻ ክትባት በ3 ወሩ ይሰጠዋል፤ አንድ ወር ያህል ሳይሞላው አትተማመንበት። ይሁንና ዘግተህም አታሳድገው፤ ከሰውና ከውሻ ጋር በቀላሉ የሚላመደው እስከ 14 ሳምንቱ ገደማ ነው። ክትባቱን የጨረሰ ጤነኛ የዘመድ ውሻ ካለ ከእሱ ጋር ይጫወት።

ከደብረ ማርቆስ፦ ሰፊ ግቢ አለኝ፣ ማቆያ ልጀምር አስቤያለሁ። ምን ያስፈልገኛል?

ጋሼ፣ ከስፋቱ ይልቅ ሰው ይቅደም፤ ለ10 ውሻ ቢያንስ አንድ ዓይኑን የማይነቅል ጠባቂ። በሩ ድርብ ይሁን፦ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈት። ትንንሾቹን ከትልልቆቹ ይለዩ። ውሃ በሦስት አራት ቦታ ይቀመጥ፤ ምግብ ግን ለየብቻ፣ በር ተዘግቶ ይሰጥ። እኩለ ቀን ላይ 2 ሰዓት ያህል ለየብቻ ያሳርፏቸው፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ጠብ አብዛኛው የድካም ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ቢሆን ይመረጣል፤ በሳሙና ከታጠበ በኋላ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጠው 10 ደቂቃ ያቆዩበት። ቆሻሻው ሳይነሳ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን ያጣል።

ሲጣሉ እጅ መሃል አይገባም። አንድ ባልዲ ውሃ ይድፉባቸው፤ ካልሆነ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የኋላ እግራቸውን አንስቶ ወደ ኋላ ይጎትታቸው። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። የባህል መድኃኒት ክትባቱን አይተካም፤ የእብደቱ ምልክት ከታየ በኋላ ማዳኛ የለም። ውሻውም ወዲያው አይገደል፤ ተዘግቶበት 10 ቀን ይታይ።

ከዳንግላ፦ ሴት ናት። ችግር አለው?

ወንድ በምትፈልግበት ሰሞን፣ ደም ከታየ ጀምሮ 3 ሳምንት ያህል፣ ቤት ትቆይ። በሌላው ጊዜ ችግር የለውም።

አሁንም ከደብረ ማርቆስ፦ ለፋሲካ ከየቤቱ አጥንትና ሆድ ዕቃ ይተርፋል። ለማቆያው ውሾች ልሰብስብ?

ይቅርብዎት። አንድ ግቢ ውስጥ የተጣለ አጥንት ያለወትሮው ያጣላል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ጥሬውን የበላ ውሻ ወደ ሰው የሚተላለፍ የኮሶ ትል ይይዘዋል፤ እንዲህ ያለውን ጉበትና ሳንባ፣ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት። ቀድሞ የበላ ካለ ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት በኪሎው ልክ እንዲሰጠው እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት።