የተለጠፈውን ካርድ አትላጡት

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ማታ አንድ ልጅ ደወለልኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ የቤት ዕቃ ከሚያጓጉዙ ሰዎች ጋር ይሠራል። «ጋሼ፣ ዕቃቸውን ያወጣንላቸው አንዲት አሮጊት የቆየ አልበም ሰጡኝ። የቤዝቦል ተጫዋቾች ሥዕል ያለባቸው ትንንሽ ካርዶች ተለጥፈውበታል። አሁን አንዱን በቢላ ላነሳው…» ሳይጨርስ «ቢላዋን አስቀምጥ!» ብዬ ጮህኩበት። ባለቤቴ ሰው የታረደ መስሏት ከማድ ቤት ሮጣ መጣች።

ወድጄ አይደለም የጮህኩት። ከዓመታት በፊት ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ እስቴት ሴል (የቤት ዕቃ ማጣሪያ ሽያጭ) በ40 ዶላር የገዛሁት አልበም ውስጥ የዝነኛው የድሮ ተጫዋች የታይ ኮብ ካርድ ነበረበት። ጫፉን በጥፍሬ ይዤ ሳብ አደረግኩት። ፊቱ መጣ፣ የጀርባው ግማሽ ግን አልበሙ ላይ ቀረ። ጀርባው ላይ የታተመው የሲጋራ ማስታወቂያ እኩሌታው እጄ ላይ፣ እኩሌታው ወረቀቱ ላይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አልነበረኝ።

እነዚህ ካርዶች ሰብሳቢዎች ቲ206 የሚሏቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1911 የአሜሪካ የትምባሆ ኩባንያ እንደ ፒድሞንት እና ስዊት ካፖራል ባሉ የሲጋራ ፓኮዎች ውስጥ ይከታቸው ነበር። መጠናቸው በግምት 3.7 በ6.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ሲጋራውን አባት ያጨሳል፣ ካርዱን ልጅ ይወስዳል፣ ከዚያ ዱቄት በውሃ ተፈልቶ ደብተር ላይ ይለጠፋል። እኛስ የመንግሥቱ ወርቁን ፎቶ ከጋዜጣ እየቆረጥን በዱቄት ኮላ ስንለጥፍ አልነበር? ያ የእናቶቻችን ማድ ቤት ኮላ ዛሬ ትልቅ ዕድል ነው፤ በውሃ ይለቃል። ከፖስታ ላይ ቴምብር በውሃ እያላቀቀ ያደገ ሰው ደግሞ ሥራውን ግማሽ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ላስቀድም። ቤት ስታጸዱ ወይም ዕቃ ስታወጡ ያገኛችሁት አልበም የእናንተ አይደለም። ባለቤቱ ከሰጣችሁም በሁለት መስመር ወረቀት አስፈርሙ። ኋላ ላይ ልጆቻቸው መጥተው «የአያታችን ነው» ሲሉ ወረቀቷ ትናገራለች። ልጁንም ሰኞ ተመልሶ አስፈርሞ እንዲመጣ አድርጌዋለሁ።

ውሃ ከመቅዳታችሁ በፊት ምን እንደያዛችሁ እወቁ። የድሮ የትምባሆ ካርዶችና እንደ 1933ቱ የጉዲ ኩባንያ ካርዶች ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ይችላሉ። የ1950ዎቹ የቶፕስ ኩባንያ ካርዶች ላይ ግን እኔ እጄን እሰበስባለሁ፤ ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ድርቡ ሊላቀቅ፣ ፊቱም አንጸባራቂነቱን ሊያጣ ይችላል። የቅርብ ጊዜዎቹን የሚያብረቀርቁ ካርዶች ጭራሽ ውሃ አታስነኩ። በቀለም ብዕር የተጻፈበትም ውሃ ሲነካው ይሰራጫል።

ኮላውንም ፈትኑት። ከካርዱ ውጭ የወጣ ኮላ ላይ አንዲት ጠብታ ውሃ አድርጉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ካሟለጨ የዱቄት ነው፣ እሰየው። እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ ወይም ፕላስተር ከሆነ ግን በውሃ አይሆንም፤ እዚያው ቁሙ።

አሁን ወደ ሥራው። ገጹን ከነካርዶቹ ፎቶ አንሱ፤ ከየት እንደመጣ ማስረጃችሁ እሱ ነው። የገጹ ጀርባ ላይ ሌላ ካርድ አለመኖሩን ካያችሁ በኋላ፣ ከካርዱ ዙሪያ ሰፋ አድርጋችሁ ወረቀቱን ቁረጡ። ካርዱን እንዳትነኩ። መጀመሪያ በጣም ርካሹንና በጣም የተጎዳውን ምረጡ፤ መማሪያችሁ እሱ ይሁን። ከሱፐርማርኬት ዲስቲልድ ውሃ ገዝታችሁ ዝርግ ሳህን ላይ አፍስሱ። ለብ ያለ እንጂ ሙቅ አይሁን። ወረቀቱን ወደ ታች፣ የተጫዋቹን ፊት ወደ ላይ አድርጋችሁ አስጥሙትና ቡና አፍሉ። እስከ ሦስተኛው ልትደርሱ ትችላላችሁ፤ አንዳንዱ በ20 ደቂቃ ይለቃል፣ አንዳንዱ ሰዓታት ይፈልጋል። ጥቁር የአልበም ወረቀት ከሆነ ቀለሙ ውሃውን ያጠቁረዋል፣ ካርዱንም ሊያቀልም ስለሚችል ቶሎ ቶሎ ቀይሩት።

መልቀቁን የሚነግራችሁ ካርዱ ራሱ ነው። በጣታችሁ ጫፍ ትንሽ ገፋ ስታደርጉት በረዶ ላይ እንዳለ ነገር ይንሸራተታል። ካልተንሸራተተ አልደረሰም፣ ተዉት። ሲለቅ ቀጭን ፕላስቲክ ከሥሩ አስገብታችሁ ወደ ሁለተኛ ንጹሕ ውሃ አሻግሩት። ጀርባው ላይ የቀረውን ሙልጭልጭ ነገር በጣት ሆድ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ብሩሽ አይነካውም፤ የራሰ ወረቀት እንደ እርጥብ እንጀራ ነው።

ማድረቅ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አበባ የታተመበት የማድ ቤት ወረቀት ከሆነ ያ አበባ እርጥቡ ካርድ ላይ ይታተማል። ልሙጥ መምጠጫ ወረቀት ፈልጉ። ካርዱን መሃል አድርጋችሁ ከላይ ከባድ መጻሕፍት ጫኑበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወረቀቱን ቀይሩ፣ ከዚያ በየቀኑ። እኔ ሦስት ሳምንት አስቆየዋለሁ። ካውያ፣ ፀጉር ማድረቂያ፣ ፀሐይ፣ የለም።

ደረጃ ወደ ማሰጠቱ እንምጣ። ፒኤስኤ፣ ኤስጂሲ እና ቤኬት የተባሉት ድርጅቶች ካርዱን መርምረው ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጡና በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጉታል። በንጹሕ ውሃ ብቻ መልቀቁ ብዙ ሰብሳቢዎችን አያስከፋም። በኬሚካል ማጽዳት፣ ቀለም መሙላትና ጠርዝ መቁረጥ ግን ካርዱን «የተነካካ» ያሰኘዋል። በዓለም ስሙ የገነነው የሆነስ ዋግነር ቲ206 ካርድ እ.ኤ.አ. በ2007 በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በ2013 ደግሞ ቢል ማስትሮ የተባለው አጫራች ጠርዙን መቁረጡን ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ። እሱ ካርድ ዝነኛ ስለሆነ ይታለፍለት ይሆናል። የእኔና የእናንተ አይታለፍለትም።

ሒሳቡን ሥሩ። ክፍያው፣ ፖስታው፣ ኢንሹራንሱ ሲደመር ለአንድ ካርድ ብዙ አስር ዶላር ይወጣል፤ ካርዱ ውድ ከሆነ ክፍያውም ይጨምራል። ያልታወቀ ተጫዋች፣ ጀርባው የተላጠ፣ 1 የሚያገኝ ከሆነ ወጪውን ላይመልስ ይችላል። እንደ ኮብ፣ ሳይ ያንግ፣ ዋልተር ጆንሰን ያለ ዝነኛ ተጫዋች ከሆነ ግን 1 ቢያገኝም ላኩት። በነገራችን ላይ፣ ጋራዥ ሴል ላይ በካርቶን የሚሸጡትን የ1988 ካርዶች እለፏቸው። ከመጠን በላይ ታትመዋል።

ስትልኩ ካርዱን በስስ ፕላስቲክ፣ ከዚያ ትንሽ ጠንከር ባለ የፕላስቲክ መያዣ ውስጥ አድርጉ። ፕላስተር ካርዱ አጠገብ አይድረስ። ስትሸጡ በውሃ መነከሩን ለገዢው ንገሩ፣ ደረሰኛችሁንም አስቀምጡ። ከአንድ ዓመት በላይ ይዛችሁ ከሸጣችሁት፣ የእንዲህ ዓይነት ስብስብ ትርፍ ላይ የፌዴራሉ ግብር እስከ 28 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

ልጁ አስራ አንድ ካርድ አላቀቀ። አንዱ ዝነኛው የድሮ ተጫዋች ክሪስቲ ማቲውሰን ነው፣ ጀርባው ሙሉ ነው። አሁን መዝገበ ቃላትና የመንጃ ፈቃድ መጽሐፍ ተጭኖበት መኝታ ቤት ጥግ ተቀምጧል። ሦስት ሳምንት ብዬዋለሁ። ማታ ማታ እየደወለ «ጋሼ፣ አሁንስ ልክፈተው?» ይለኛል።